ያለ አስጎብኚ

ቤተ መዘክር ሲባል በብዙዎቻችን ዓይን የሚመጣው በመስተዋት ውስጥ የተኛ አጥንት፣ ዘውድ፣ ካባና ጋሻ ነው። በአንደኛ ደረጃ ተማሪነታችን አስተማሪ ከፊት፣ ዘበኛ ከኋላ ሆኖ፣ ሁለት ሁለት ተሰልፈን፣ «እንዳትነኩ!» እየተባልን ያየነውም ይኸንኑ ነው። ፎቶግራፍ ግን መኖሪያው ሌላ ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ አልበም ውስጥ ይለጠፋል፣ መታወቂያ ላይ ማኅተም ይመታበታል፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በስልክ ውስጥ በሺህ እየተቆጠረ ይከማቻል። ለመነሣት ፎቶ ቤት እንሄዳለን እንጂ ለማየት ብለን ጫማ ጠርገን ከቤት ወጥተን አናውቅም። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ «ፎቶግራፍ ብቻ የሚያሳይ ቤተ መዘክር እዚሁ ቺካጎ ውስጥ አለ፤ ለምን በራሳችን አንሄድም?» ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ የመጀመሪያው መልስ ሳቅ ነበር። «እኔ የምለው፣ ስልክህ ተበላሸ እንዴ?» ያለችው ልጅ እስካሁን ሳቋ አላለቀም።

ቤቱን ባለቤቶቹ «ሙዚየም ኦቭ ኮንቴምፖራሪ ፎቶግራፊ» ይሉታል፤ እኛ «የዘመናችን ፎቶግራፍ ቤተ መዘክር» ብለነዋል። በ1976 (ሌላ ካላልን በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በኮሎምቢያ ኮሌጅ ቺካጎ የተቋቋመ ነው። አድራሻው 600 ደቡብ ሚሺጋን ጎዳና ሲሆን፣ ሕንፃው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ የእርሻ መኪና ይሠራ ለነበረ ታላቅ ኩባንያ የተገነባ ነው። የማጨጃና የመውቂያ ሒሳብ ሲሰላበት የኖረ ቤት ዛሬ ፎቶግራፍ ይሰቀልበታል። መግቢያው በነፃ ነው። ይህ ለተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ለተማሪ አንባቢ አናስረዳም። ክምችቱ ከ16 ሺህ ሥራዎች በላይ ነው ይባላል፤ ማሳያው ግን በሦስት ፎቅ የተደረደሩ መጠነኛ ክፍሎች እንጂ እግር የሚያስጥል ቤተ መንግሥት አይደለም። በጥድፊያ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። እኛ ደግሞ ያሰብነው ሳይጣደፉ መሄድን ነው።

ለምን ያለ አስጎብኚ? አስጎብኚ ክፉ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን አስጎብኚ ባለበት ሁሉ ዓይናችን የሚሄደው ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ አፉ ነው። እሱ «ይህን ልብ በሉ» ሲል ያንን ልብ እንላለን፤ ያላለውን ሳናይ እንወጣለን። ከዚህም ሌላ ምክንያቱ ይህችው መጽሔታችን ናት። በስቴንስል ተመትታ በማባዣ የምትወጣ መጽሔት ፎቶግራፍ አትቀበልም፤ ብታስገድዷት የምታወጣው ጥላሸት ነው። እዚህ ገጽ ላይ ሊወጣ የሚችል ፎቶግራፍ ቢኖር ያየ ሰው ላላየ ሰው በቃል የሚነግረው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቅዳችን ከመነሻው ምን እናያለን በሚል ብቻ አላበቃም፤ ያየነውን በምን ቃል ይዘን እንመለሳለን የሚለው ነበር የከበደው።

ዐሥር ሰዎች ነን። ዐሥር ሰው አንድ ላይ ሲገባ ቡድን ነውና አስቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል። መንገዱ ቀላል ነው፤ ወደ ሰሜን፣ ኤጅዋተር አካባቢ የምንኖረው ከግራንቪል ጣቢያ ቀዩን መስመር ይዘን ሃሪሰን ላይ እንወርዳለን፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ማለት ወደ ሐይቁ፣ ሁለት መንገድ እንደተሻገርን ሚሺጋን ጎዳና ነው። ጎረቤቱ ፊቱ በሙሉ መስተዋት የሆነው የስፐርተስ ተቋም ሕንፃ ስለሆነ፣ በዚያ መስተዋት ውስጥ ራሱን ያየ ሰው በሩን አልፎታል ማለት ነው፤ ይመለስ። ስለ ሐይቁ ነፋስ ምንም አንልም። ጋቢ ያለው ጋቢ ይልበስ።

ስንጠያይቅ መጀመሪያ የተረዳነው ነገር ይህ ቤት ዘወትር አንድ ዓይነት ነገር የሚያሳይ ቤት አለመሆኑን ነው። ድንቅነሽ፣ ቅጅዋም ብትሆን፣ ዛሬም ነገም አምስት ኪሎ ናት። የፎቶግራፍ ቤት ግን እንደ ቲያትር ቤት ነው፤ አንዱ ኤግዚቢሽን ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል፣ በመካከሉ ክፍሎቹ ይዘጋሉ። በዚያ ሳምንት ከግራንቪል ተነሥቶ የሄደ ሰው የሚጎበኘው የተዘጋ በር ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ብርሃን ነው። ፎቶግራፍ በብርሃን ተወልዶ በብርሃን የሚሞት ነገር ነው፤ በተለይ ባለ ቀለሙ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ሲመታው ይገረጣል። እናቶቻችን መስኮት ፊት ለፊት የሰቀሉትን የሠርግ ፎቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሚዜዎቹ ሁሉ ብርቱካን መስለዋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ በቀላሉ ለሚጎዳ ሥራ ብርሃኑ እስከ 50 ሉክስ ዝቅ ይደረጋል፤ ቢሮ ውስጥ ከምናነብበት ብርሃን አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። ስንገባ ዓይናችን እስኪለምድ ቆም እንበል እንጂ «መብራት ይቆጥባሉ» ብለን እንዳናማቸው።

ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሺህ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። የቀረው በሣጥን፣ በጨለማ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣል። ደግነቱ አስቀድሞ ቀጠሮ የጠየቀ ቡድን ከሣጥኑ የተወሰኑ ሥራዎች ወጥተውለት ጠረጴዛ ላይ ማየት ይችላል። ይህን ስናውቅ ዕቅዱ ሁሉ ተገለበጠ። የተሰቀለውን አይቶ መመለስ ሌላ ነው፤ «ይህን አውጡልን» ብሎ መምረጥ ሌላ ነው። ምርጫ ደግሞ ጠብ ያመጣል።

ጠቡ የተነሣው አንድ እሑድ ቡና ላይ ነው። ከሚወጡት ሥራዎች በአንደኛ ቁጥር የተጻፈው የዶሮቲያ ላንግ ነበር። ላንግ በ1936 መጋቢት ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኒፖሞ በተባለ ቦታ፣ አተር ለመልቀም የመጡ ድሆች የሰፈሩበትን ቦታ ስታልፍ ያነሣቻት እናት በዓለም ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዷ ናት። ሴትዮዋ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ወደ ሩቅ ታያለች። ሁለት ልጆች በግራና በቀኝ ትከሻዋ ላይ ተደፍተው ፊታቸውን ለካሜራው ነሥተውታል፤ ጭኗ ላይ ሕፃን አለ። «ስደተኛዋ እናት» ይሏታል። የላንግ ሥራዎች በዚህ ቤት ክምችት ውስጥ ስላሉ ይቺኛዋም እንዳለች ጠይቀን ትውጣልን አልን።

«እኔ የተራበ ሰው ፊት ለማየት ባቡር አልሳፈርም!»

ይህን ያለችው ስሟን እንዳንጽፍ የከለከለችን አንዲት እኅታችን ናት። ስኒዋን አስቀመጠችና ታሪኩን ነገረችን። እናቷ የራያ ሰው ናቸው። በ77ቱ ረሃብ (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) የስድስት ዓመት ልጅ ሆነው ከእናታቸው ጋር ከአላማጣ ሽቅብ በእግር ወጥተው ኮረም ሜዳ ደረሱ። አያቷ እዚያው ቀሩ። እናትየው ከዚያ ሜዳ የሚያስታውሱት የሌሊቱን ብርድና አንድ ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ ጠዋት መጥቶ፣ ታናሽ ወንድማቸውን ታቅፈው በተቀመጡት በእናታቸው ፊት ተንበርክኮ፣ ካሜራውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርጎ፣ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ስም አልጠየቀም። ቤተሰቡ የእኒያን ሴት አንድ ጉርድ ፎቶ እንኳ የለውም።

«አያቴን የማላውቃት እኔ ነኝ፤ የሚያውቃት ፈረንጅ ነው» አለች። «አንዱ አገር ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ይሆናል። ወይ ሣጥን ውስጥ ናት። ከሥሯ ምን ተጽፎባታል? ‹ኢትዮጵያዊት እናት›። አለቀ። እና እናንተ አሁን ሌላዋን አውጡልን ልትሉ ነው?»

ቡናው ቀዘቀዘ። ከመካከላችን ደፋሩ «ታዲያ ፎቶው ባይነሣ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?» አለ። ያለው ሐሰት አይደለም። ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ የተናገረበት የኮረም ፊልም በጥቅምት 23 ቀን 1984 በታየ ጊዜ ነው ዓለም የደነገጠው፤ እህሉም ገንዘቡም ከዚያ በኋላ ነው የጎረፈው። (መሐመድ አሚን ራሱ በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ውስጥ ነው የሞተው። ከዚያ ሜዳ ጋር የተያያዘ ሰው ሁሉ መጨረሻው ከእኛ ጋር ይመስላል።) እኅታችን ግን «አውቀው ምን አደረጉላት?» አለች። ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም፤ መልስ ያለውም አይመስለንም።

ወሬውን ያነሣው የታሪክ ተማሪው ነው። በሚያዝያ 1973 በጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ከነበረው ትምህርት ቤት የተወሰኑ መምህራን ወሎ ወርደው፣ መንግሥት የሸሸገውን ረሃብ በዓይናቸው አይተው፣ ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። ፎቶግራፎቹንም እዚያው ግቢ ውስጥ ለተማሪው አሳዩ። እስቲ አስቡት። ያ ኤግዚቢሽን አስጎብኚ አልነበረውም፤ ሉክስም የለካለት የለም። ተማሪው ያየው የማያውቀውን አገር አይደለም፤ ዘመዱን ነው። ከማየት ወደ መጮኽም ብዙ አልራቀም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» ያለውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ።

የዚያ ፊልም ዕጣ ግን የሚገርመው ከዚህ በኋላ ነው። በመስከረም 11 ቀን 1974፣ በእኛ የ1967 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ይኸንኑ ፊልም ቆራርጦ፣ ከረሃቡ መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ እየሰካ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ጃንሆይ ወረዱ። ከረሃቡ ምስል ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ከጎኑ የተቀመጠው ነገር ነው። ይኸው ረሃብንና ግብዣን ጎን ለጎን መስፋት የቻለ መንግሥት ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1984፣ ወሎና ትግራይ እየረገፉ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ያን ጊዜ ግን መቀሱንና መርፌውን ደብቆታል።

ይህ ወሬ ጠቡን አላበረደውም፤ ግን ለዕቅዳችን አንድ ነገር ጨመረበት። ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶግራፍ ብቻውን አይናገርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በማሳያው ክፍል አንድ ፎቶግራፍ ሲመርጥ በቀኝና በግራ የተሰቀሉትንም ይጽፋል። ይህን ጎረቤት ማን መረጠለት? ቦታ ቢለዋወጡስ? ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጀው ሰው እንደ ፊልም ቆራጭ ነው፤ ስሙ በትንሽ ፊደል ይጻፋል እንጂ የሚናገረው እሱም ነው።

ወደ ላንግ እንመለስ። የዚያችን እናት ጉዳይ ያጠናችው ልጅ ቀስ ብላ ገባችበት። ላንግ ያን ዕለት ስም አልጠየቀችም። ፎቶግራፉ በጋዜጣ ወጣ፣ በመጽሐፍ ወጣ፣ በየቤተ መዘክሩ ተሰቀለ፤ ላንግ በመንግሥት ደመወዝ ያነሣችው ስለሆነም የፈለገ ሁሉ አባዛው። በ1939 ላንግ ከፎቶው ጥግ የሚታየውን፣ የድንኳኑን ቋሚ የያዘ አውራ ጣት፣ ጥበቡን ያበላሽብኛል ብላ አስጠፋችው። የእናቲቱ ስም ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኑ በይፋ የታወቀው በ1978 ነው። ትውልዷ ከቼሮኪ ሕዝብ ነው። በፎቶግራፉ አልተደሰተችም፤ ባልተነሣሁ ኖሮ ማለቷን፣ ከእሱም አንድ ሳንቲም አለማግኘቷን ተናግራለች። በ1983 በታመመች ጊዜ ልጆቿ እርዳታ ቢጠይቁ ፎቶውን ያወቀ ሕዝብ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ላከ። በዚያው ዓመት ሞተች።

እኅታችን ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «ስሟን ያገኙት ከስንት ዓመት በኋላ ነው አላችሁ?» አለች።

«ከአርባ ሁለት ዓመት።»

በጣቷ ቆጠረች። ከ77 ወዲህም አርባ ዓመት አልፏል። «እሺ፣ እመጣለሁ። ግን እኔም የምጠይቀው አለኝ» አለች። ምን እንደሆነ ያን ማታ አልነገረችንም፤ እኛም አልገፋናትም።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ እየተገነባ ሄደ። «ችግር ብቻ ሆነ፤ ፍቅርም ይግባበት እንጂ» ተባለና ሃሪ ካላሃን ገባ። ካላሃን ከ1946 እስከ 1961 እዚሁ ቺካጎ ኢንስቲትዩት ኦቭ ዲዛይን በተባለው ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው፤ ሚስቱን ኤሌነርን በሐይቁ ዳር፣ በየመንገዱ፣ በቤት ውስጥ፣ ከልጃቸው ጋርም ለብቻዋም፣ ዓመት በዓመት ሲያነሣት ኖሯል። አንዱ «እኔ ብሆን ከሦስተኛው በኋላ ፍታኝ ባለችኝ ነበር» አለ። የስዊሱ ተወላጅ ሮበርት ፍራንክም ተጻፈ፤ በ1955 እና በ56 አሜሪካን በመኪና ዞሮ ካነሣው ውስጥ 83ቱን መርጦ «አሜሪካውያን» የተባለውን መጽሐፍ ያወጣው። በኒው ኦርሊንስ የከተማ ባቡር ነጮቹ ከፊት፣ ጥቁሮቹ ከኋላ፣ እያንዳንዱ በየመስኮቱ ተቀምጦ የሚታይበትን አንዱን ገጽ ያየ ሰው ሕጉን ለብቻ ማንበብ አያስፈልገውም።

ዳውድ ቤይን ያመጣው ግን የሁላችንንም አፍ አዘጋ። ቤይ በኮሎምቢያ ኮሌጅ ለብዙ ዓመት ያስተማረ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። በመስከረም 1963 በርሚንግሃም፣ አላባማ፣ ዘረኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባፈነዱት ቦምብ አራት ልጃገረዶች ሞቱ፤ በዚያው ቀን ሁለት ወንዶች ልጆችም በከተማይቱ ተገደሉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቤይ ወደዚያች ከተማ ሄዶ ሟቾቹ በሞቱበት ዕድሜ ያሉ ልጆችን አነሣ፤ ሟቾቹ በሕይወት ቢኖሩ ይደርሱበት በነበረው ዕድሜ ያሉ ሰዎችንም አነሣ። ከዚያ ልጁን ከሽማግሌው፣ ልጅቱን ከአሮጊቲቱ ጎን ለጎን አኖራቸው። ከሞቱት አንዳቸውም ፎቶው ውስጥ የሉም፤ የሚታዩት ግን እነሱ ናቸው። አንዱ ጓደኛችን መስቀል አደባባይ ያለውን፣ በ2010 የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ቤተ መዘክር፣ ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን ፎቶግራፎች የተሞላውን ግድግዳ አስታወሰ። እኅታችን «እነዚያ የሚሰቅሉት ፎቶ ነበራቸው» አለች። ቀጥላም «ይኸኛውን ጻፉልኝ። ፎቶ ለሌለው ሰው እንዴት እንደሚደረግ የሚያውቅ ይመስላል» አለች።

ከአገራችን ሰውስ? አይዳ ሙሉነህ ትግባ የሚለው ላይ ክርክር ሳይሆን ጩኸት ነበር። አይዳ አዲስ አበባ በ1974 ተወልዳ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች ናት፤ በ2018 ሥራዋ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ቤተ መዘክር ታይቷል። በዚያው ዓመት ዳሎል ወርዳ ስለ ውሃ ችግር የሠራቻቸው ፎቶግራፎች ላይ በቀይና በሰማያዊ የተዋቡ፣ ፊታቸው የተቀባ ሴቶች በጨው ሜዳ ላይ እንስራና ዕቃ ይዘው ቆመዋል። «ውሃ መቅዳት እንዲህ ያምራል እንዴ?» አለ አንዱ። «ሁልጊዜ አቧራ ለብሰን ነው የምንታይ?» አለች ሌላዋ። እኛ በበኩላችን ከሁለተኛዋ ጋር ነን፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ከንቱ ነው አንልም። ከዚህ ቤት የአፍሪካ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ሥራ እንዲያሳዩን፣ የእሷም ካለ እንዲያስቀድሙልን በደብዳቤው ላይ ጻፍን።

አሁን ስለ አካሄዳችን። ቦርሳ ከውጭ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ቤት ቦርሳ አይወድም፣ በተለይ በትከሻ የሚያዝ ቦርሳ ዞር ሲሉ ግድግዳ ይገጫል። ብዕር አይገባም፣ እርሳስ ብቻ፤ የእርሳስ ስሕተት ይጠፋል፣ የቀለም ጠብታ ግን የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ካሜራ ይዞ ብልጭ ማድረግ የተከለከለ ነው፤ ስልክን በተመለከተ ደግሞ ቤቱ ቢፈቅድም የራሳችንን ሕግ አውጥተናል፤ ከኪስ አይወጣም። ወደ ስልክ የገባ ፎቶግራፍ ታየ ተብሎ ይረሳልና። ጠረጴዛ ላይ የሚወጣልንን ሥራ የሚያነሣውና የሚያዞረው የቤቱ ሰው ነው፤ እኛ እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን፣ እንደ ቄስ ተማሪ፣ አንገታችንን እናስግጋለን። በሥራው ላይ ጎንበስ ብሎ ማውራትም አይገባም፤ ምራቅ ይፈናጠራል።

አንድ ሰው አንድ ፎቶግራፍ ይመርጥና ዐሥር ደቂቃ ይቆምበታል። ቀልድ ይመስላል፤ ቤት ውስጥ በሰዓት ስንሞክረው ግን ዐሥር ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ተረዳን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ያየነውን ሁሉ አይተን ጨረስን። አራተኛው ላይ ሰለቸን። ስድስተኛውና ሰባተኛው ላይ ነው እጆች፣ የጫማ ክር፣ በመስኮት ውስጥ የሚታይ ሌላ ሰው፣ የጥላው አቅጣጫ መምጣት የጀመሩት። በዚህ ጊዜ የሚጻፈው የሚታየው ብቻ ነው። «አዝናለች» አይባልም፤ «አፏ ተዘግቷል፣ ግንባሯ ላይ ሦስት መሥመር አለ» ይባላል። ያዘነች መሆኗን ያላየው አንባቢ ራሱ ይድረስበት።

ከግድግዳው ጎን ያለችው መግለጫ ወረቀት የምትነበበው በመጨረሻ ነው፤ ስትነበብ ግን በደንብ ትነበብ። የአንሺው ስም፣ ርእሱ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ አሠራሩ፣ ማን እንደሰጠው ወይም በምን ገንዘብ እንደተገዛ ይጻፍባታል። «የብር ጄላቲን» የሚል ካለ በጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኃኒት የታጠበ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የብር ቅንጣት ነው። «ፒግመንት» የሚል ካለ በኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ የወጣ ነው። ሁለት ዓመት ተጽፎ ከተገኘ አንደኛው የተነሣበት፣ ሁለተኛው የታተመበት ነው፤ በመካከላቸው ሠላሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። እንግዲህ ይህችን የእጅ መዳፍ የማታክል ወረቀት ስናጠና አንድ ነገር ታዘብን። አንሺው ስም አለው። ለጋሹ ስም አለው። ወረቀቱ እንኳ ስም አለው። የተነሣው ሰው ግን ብዙ ጊዜ «ሴት»፣ «ልጅ»፣ «ሠራተኛ» ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን በደብተራችን ላይ ሁለት ዓምድ አሰምረናል፤ ስም ያላቸው፣ ስም የሌላቸው። ስንመለስ ቁጥሩን እዚሁ መጽሔት ላይ እናወጣዋለን።

የእኅታችን ጥያቄ የመጣው ደብዳቤው ሊታሸግ ሲል ነው። ይህ ቤት በአብዛኛው የአሜሪካንን ሥራ የሰበሰበ መሆኑን ታውቃለች፤ አያቷ እዚህ ትገኛለች ብላ አይደለም። እርሷ የምትፈልገው መንገዱን ነው፤ በየትም አገር ያለ እንዲህ ያለ ሣጥን እንዴት ይመዘገባል፣ በቦታ ነው በዓመት ወይስ በአንሺው ስም፣ ኮረም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን ያገኛል። ይህን ሁሉ በጨዋ እንግሊዝኛ ጻፍንላት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን እራሷ ናት የጻፈችው። ወደ አማርኛ ስንመልሳት እንዲህ ትላለች፤ «ስሙ ያልተጻፈ ሰው ሣጥናችሁ ውስጥ ቢኖር፣ ቤተሰብም መጥቶ ይህ የእኛ ነው ቢል፣ በምን ታምኑታላችሁ?» የሕግ ተማሪው «ታምኑታላችሁ» ከሚባል «ማስረጃው ምንድን ነው» ቢባል ይሻላል አለ። አይሆንም አለች። እንዳለ ተላከ።

ቀኑን ቤቱ ሲያስታውቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። ዐሥሩ ሞልቷል፤ የቀረ ሰው ካለ ግን እንደ አውቶቡስ ወረፋ ከኋላ ስሙን ያስመዝግብ፣ ከፈተና በፊት የሚሰርዝ አይጠፋም። እርሳስ ሁሉም የራሱን ይያዝ። እኅታችን ማጉያ መነጽርም እይዛለሁ ብላለች፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃት አንዱ ብቻ ነው። ለእናቷ ስልክ ደውላ ምልክት ካላቸው ጠይቃቸዋለች። የግንባር ንቅሳት ለምልክት አይሆንም፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ነበረው ብለዋታል። ነጠላዋ ግን በግራ ትከሻዋ በኩል ተቀድዶ በቀይ ክር የተጣፈ ነበር፤ መንገድ ላይ ሳሉ እሳቸው ራሳቸው መርፌውን ይዘውላታል። ፈረንጁ ያነሣው በባለ ቀለም ይሁን በጥቁርና ነጭ አያውቁም። ልጅቱ ይህን በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፋዋለች፤ ከሥሩም «በጥቁርና ነጭ ቀይ ክር ምን ይመስላል?» ብላ ለፊዚክስ ተማሪው ትታለታለች።